ብርዱ ሳይቀድመን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በሚኒያፖሊስ፣ በሴንት ፖልና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ ደመራው ከተለኮሰ ገና ጥቂት ቀናት ነው፤ የሜፕሉ ቅጠል ግን ቀልቶ መርገፍ ጀምሯል። ቀን ቀን ፀሐይዋ ስለምትሞቅ ዊንተር ሩቅ ይመስላል። የዛሬው ዝግጅታችን ይህ ሩቅ የሚመስል ብርድ ከመድረሱ በፊት ቤታችንን ስለማሰናዳት ነው።

እዚህ አገር ከቆየ ሰው ጋር ስለ በረዶ ከተጨዋወታችሁ የ1991ን የሃሎዊን በረዶ ሳያነሳ አይቀርም። ኦክቶበር 31 መጣል የጀመረው በረዶ እስከ ኖቬምበር 3 ቀጥሎ በሁለቱ ከተሞች 28.4 ኢንች፣ ማለትም 72 ሴንቲ ሜትር ያህል ተከመረ። ሰሜን ላይ በዱሉዝ 36.9 ኢንች ደርሷል። በረዶው መጣል የጀመረበት ቀን በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 20 ቀን 1984 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አገር ቤት እሸት የሚበላበት ወር። እንዲህ ያለ በረዶ በየዓመቱ አይመጣም፤ ሲመጣ ግን ቀን አስይዞ አይደለም።

ለዝግጅቱ የምመክራችሁ ጊዜ ከመስቀል እስከ ኅዳር ሚካኤል ያለው ነው። ኅዳር 12 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21፣ አገር ቤት ግቢ የሚጠረግበትና ቆሻሻ የሚቃጠልበት፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ቀን ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ወዲህ የቆየ ነው። እዚህ ደግሞ ያን ቀን የቤታችን ሥራ የሚያልቅበት ቀን ብናደርገው መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ብዙው ነገር አይሠራም። ስንጥቅ የሚደፈንበት ማጣበቂያ አብዛኛው ከ40 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በደንብ አይዝም። መሬቱ ይደነድናል፤ አሸንዳው ውስጥ ያለው ቅጠል ከውኃው ጋር በረዶ ይሆናል፤ የማሞቂያ ባለሙያው ስልክም ቤታቸው በቀዘቀዘባቸው ሰዎች ጥሪ ይጨናነቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

ብርድ ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን መስኮት ላይ ነው። መስኮት መታየቱ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከጣሪያው ጀምሩ እላለሁ። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። በኮርኒሱ ቀዳዳዎች፣ በአምፖሎች ዙሪያ፣ የቧንቧና የጭስ ማውጫ መተላለፊያ በሆኑ ክፍተቶች፣ ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ባዶ ቦታ፣ ወደ አቲክ፣ በሚያስገባው ክዳን ዳርና ዳር እየሾለከ ይሄዳል። የወጣውን ያህል ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከታች፣ በቤዝመንቱ ግድግዳና በበሩ ሥር፣ ወደ ቤት ይሳባል። ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ቁርጭምጭሚታችሁን የሚነካችሁ ብርድ መነሻው ከራሳችሁ በላይ ያለው ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ላይኛው ሲደፈን የታችኛው ስበትም ይቀንሳል።

አቲክ ውስጥ የሚነጠፈው ብርድ መከላከያ፣ ኢንሱሌሽን የሚባለው፣ በሚኒሶታ ቢያንስ አር 49 ደረጃ እንዲደርስ ይመከራል። ነገር ግን ቀዳዳው ሳይደፈን ኢንሱሌሽን መደረብ በነፋስ ቀን ሹራብ ብቻ ለብሶ እንደ መውጣት ነው፤ ነፋሱ መካከሉን ሰንጥቆ ያልፋል። አስቀድሞ መድፈን፣ ቀጥሎ መደረብ ነው ቅደም ተከተሉ። በጭስ ማውጫው ዙሪያ ባለው ክፍተት ተራ ፎም አትንፉበት፤ እሳት ስለሚይዝ እዚያ ቦታ የሚገባው ቆርቆሮና እሳት የሚቋቋም ማጣበቂያ ነው። አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። ቤታችሁ የቆየ ከሆነና አቲኩ ላይ ቀለል ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጠጠር የሚመስል ነገር ተነጥፎ ካገኛችሁ አትንኩት፣ አትጥረጉት። ቨርሚኩላይት ሊሆን ይችላል። ከሞንታና ግዛት ከሊቢ ማዕድን ማውጫ ይመጣ የነበረው ቨርሚኩላይት አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ነበር፤ እዚሁ በሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስም ለዓመታት ይዘጋጅ ነበር። የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያ ይይላችሁ።

ወደ መስኮትና በሩ እንምጣ። ነፋስ የሚገባበትን ለማወቅ ዕቃው ቤታችን አለ፤ ሰንደል ነው። ነፋስ ባለበት ቀን መስኮቱን ሁሉ ዝጉና የተለኮሰ ሰንደል በመስኮቱ ጠርዝ፣ በበሩ ዙሪያ፣ በግድግዳ የኤሌክትሪክ ሶኬቶች አጠገብ ቀስ እያላችሁ አሳልፉ። መጋረጃውን ግን አስቀድማችሁ ሰብስቡት። ጭሱ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ያ ቦታ ደህና ነው፤ ከተወላገደ ወይም ከተበተነ አየር እየገባ ነው። ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። የማይከፈተውን ስንጥቅ በማጣበቂያ ድፈኑት፤ በሚከፈተው መስኮትና በር ላይ ተለጣፊ ስፖንጅ ወይም ጎማ ለጥፉ። የበሩ ሥር ብርሃን የሚያሳይ ከሆነ ከታች የሚገጠም የጎማ መከለያ ይሸጣል፤ እሱ እስኪገዛ የተጠቀለለ ፎጣም ይበቃል።

በክራይ ቤት ለምትኖሩ በጣም የሚጠቅመው በመስኮቱ ላይ የሚወጠረው ስስ ፕላስቲክ ነው። በመስኮቱ ክፈፍ ላይ በሁለት ወገኑ በሚይዝ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ እየተሰበሰበ ከበሮ ይመስል ይወጠራል። በፕላስቲኩና በመስታወቱ መካከል የሚቀረው አየር ነው ብርዱን የሚያግደው። በጋ ሲሆን ግድግዳ ሳይጎዳ ይነሳል። መኝታ ቤት ያለውን መስኮት ግን በምስማር ወይም በቡሎን አትዝጉት፤ እሳት ቢነሳ የልጆቹ መውጫ ያ ነው።

በዚህ አገር ቤት ጣሪያ ላይ የሚደርስ አንድ ጉዳት አለ፤ አገር ቤት ስለማናውቀው ብዙ ሰው ሲደርስበት ግራ ይገባዋል። ከአቲኩ የሚወጣው ሙቀት ጣሪያው ላይ የተኛውን በረዶ ከሥሩ ያቀልጠዋል። የቀለጠው ውኃ ቁልቁል ወርዶ ሙቀት የሌለበት የጣሪያው ጠርዝ ጋር ሲደርስ ተመልሶ ይረጋል። እየረጋ፣ እየረጋ ግድብ ይሠራል። ኋላ የሚመጣው ውኃ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ተመልሶ በጣሪያው ክዳን ሥር ይገባና በየካቲት አንድ ጧት ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ሆኖ ይታያል። ከአሸንዳው ተንጠልጥሎ የሚያብረቀርቀው ረጅም በረዶ ለፎቶ ያምራል እንጂ ሙቀታችሁ በጣሪያው እየወጣ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። መፍትሔውም ያው አቲኩን መድፈን ነው። ለጊዜው ደግሞ ረጅም እጀታ ባለው የጣሪያ በረዶ መሳቢያ መሬት ላይ ቆማችሁ ከጠርዙ ሳቡት። መሰላል ላይ አትውጡ፤ በረዶውን በመጥረቢያ አትፍለጡት፤ ጣሪያው አብሮ ይፈለጣል። አገር ቤት ግንቦት ላይ ቆርቆሮው ሲጠገን አሸንዳው እንደሚጠረግ፣ እዚህም ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ አሸንዳውን ጥረጉ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ስለመዝጋት ነው ያወራነው። ቤቱን በዘጋነው ቁጥር ግን ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ውስጥ ይቀራል፤ እንፋሎቱም፣ ጭሱም። የዛሬውን ዝግጅት ያሰናዳሁት ይልቁንም ይህን ለመናገር ነው።

ከእንፋሎቱ እንነሳ። በአንድ ቅዳሜ ሠላሳ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ሽሮው የሚንተከተክበት፣ እንግዳ የሚሰበሰብበት ቤት አየሩ እርጥብ ነው። ያ እርጥበት ሌሊት ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውኃ ይሆናል፤ ውጭው ከበረታም ከውስጥ በኩል ይረጋል። ውኃው ወደ እንጨቱ ይወርዳል፣ ከሶፋውና ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ግድግዳው ይጠቁራል፤ ያ ጥቁረት ሻጋታ ነው፣ አስም ባለበት ልጅ ላይ በሽታውን ይቀሰቅሳል። እርጥበት መለኪያ ከመደብር በጥቂት ዶላር ይገኛል። በዊንተር ከ30 እስከ 40 በመቶ መልካም ነው፤ ውጭው ከዜሮ ፋራናይት በታች በእጅጉ ሲወርድ ከ20 እስከ 25 ወደ ሆነ መጠን ማውረድ ይሻላል። ምጣዱ ሲጣድ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣውን ቬንት አብሩ፤ ጋግራችሁ ከጨረሳችሁም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ። ከምድጃው በላይ ያለው ቬንት በእርግጥ ወደ ውጭ ያስወጣ እንደሆነ ግን አረጋግጡ፤ አየሩን አጣርቶ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ የሚመልስም አለ።

አሁን ወደ እሳቱ። በሚኒሶታ አብዛኛው ቤት የሚሞቀው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። ቤዝመንት ያለው ማሞቂያ፣ ፈርነስ የሚባለው፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብርዱ ሳይገባ፣ በባለሙያ ይታይ። ባለሙያው ሲመጣ ሁለት ነገር ጠይቁት፤ እሳቱና የምንተነፍሰው አየር የሚለያዩበት ብረት መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን፣ እንዲሁም ካርቦን ሞኖክሳይድ መለካቱን። ፊልተሩን ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። በላዩ ያለው ቀስት አየሩ የሚሄድበትን፣ ማለትም ወደ ፈርነሱ የሚያመለክተውን አቅጣጫ ይዞ ይግባ። ስሱ ፊልተር በዊንተር ከወር እስከ ሦስት ወር ይቀየራል። ሲደፈን ፈርነሱ ትንፋሽ አጥቶ ከመጠን በላይ ይግልና ራሱን ያጠፋል፤ ሰው ተበላሸ ብሎ ባለሙያ ይጠራል፤ ችግሩ ግን ፊልተሩ ብቻ ይሆናል። አዲሶቹ ፈርነሶች ጭሳቸውን የሚያወጡት በጣሪያ ሳይሆን በቤቱ ጎን በነጭ ፕላስቲክ ቧንቧ ነው። ያ ቧንቧ የት እንዳለ ዛሬውኑ ዞር ብላችሁ እዩት። በረዶ ሲጥል መጀመሪያ የሚጠረገው እሱ ነው።

የቆየ የውኃ ማሞቂያ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የእነዚህ ጭስ የሚወጣው በራሱ ሙቀት ተንሳፍፎ ነው፤ የሚገፋው ነገር የለም። ቤቱ በደንብ ከተደፈነ በኋላ የወጥ ቤቱና የመታጠቢያው ቬንት፣ የልብስ ማድረቂያውም ባንድ ጊዜ ሲሠሩ ከውስጥ የወጣውን አየር የሚተካ ስለሚጠፋ ቤቱ አየር የሚስበው በዚያው በጭስ ማውጫው በኩል ይሆናል። ጭሱ ተገልብጦ ይመለሳል። ስለዚህ ቤታችሁን ያስደፈናችሁ ሁሉ ሥራው ሲያልቅ ይህ እንዲፈተሽላችሁ ጠይቁ።

እነሆ፣ አጥብቄ የምናገረው። ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ። ለቡናውም፣ ለዕጣኑም፣ ለሙቀቱም።

አገር ቤት ከሰል ያፈናቸው ሰዎች ዜና ያልሰማ ከመካከላችን የለም። በክረምት ሌሊት፣ በጠባብ ክፍል፣ በር ተዘግቶ። እዚህ ደግሞ ቤቱ ከአገር ቤቱ ይልቅ የተደፈነ ነው፤ መስኮቱ ድርብ ነው፣ እኛም አሁን ፕላስቲክ እየወጠርንበት ነው። ብዙ እናቶች ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍም ሲሆን ያስገባሉ። ጭስ ከሌለ አያፍንም የሚለው እምነት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው፤ ሰው የሚገድለውም ይህ እምነት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭስ አይደለም። አይታይም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ጭስ የሌለው ቀይ ፍም ጋዙን ያመነጫል፤ አመድ የለበሰውም እሳቱ እስካልጠፋ ድረስ ያመነጫል። ወደ ሳንባ ሲገባ ኦክሲጅን በሚቀመጥበት በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለውን ቦታ ይይዛል፤ ይዞም ቶሎ አይለቅም፤ ደም ከኦክሲጅን ይልቅ ከእሱ ጋር የሚጣበቀው ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ ይታፈናል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ነው። ጉንፋን ይመስላል፤ ትኩሳት ግን የለውም። በቤቱ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ውጭ ሲወጡ ተሽሏቸው ሲመለሱ እንደገና ከጀመራቸው፣ ጉንፋን ብላችሁ አትተኙ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ከውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ። ነፍሰ ጡር ካለች ለጽንሱ አደጋው ይብሳል፤ ደህና ነኝ ብትልም ሐኪም ሳያያት አትቅር።

ቡናው ይቀራል እያልኩ አይደለም። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፣ ረከቦቱም ይዘረጋል፣ ቄጤማውም ይጎዘጎዛል። ዕጣኑንም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ማጨስ ይቻላል። ከአገር ቤት መጥተው ልጆቻቸውን የሚጎበኙ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉ እናቶችና አባቶች አሉን፤ ይህን ነገር ቁጭ ብላችሁ በአክብሮት አስረዷቸው። እማዬ ከሰሉን ተዪው ብሎ ወደ ሥራ መሮጥ አይበቃም። ለምን እንደሆነ ይነገራቸው፤ ኤሌክትሪኩ ማጨሻ ተገዝቶ እጃቸው ላይ ይሰጣቸው። ቴርሞስታቱም እንዴት እንደሚሠራ አሳዩአቸው፤ ማሞቂያውን ማስነሳት ያልቻለ ሰው የጋዝ ምድጃውን ከፍቶ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ያም ያው አደጋ ነው። መኪናም ጋራዥ ውስጥ አታሙቁ፤ የጋራዡ በር ክፍት ቢሆንም ጋዙ በግድግዳው ወደ ቤት ይገባል።

የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ፣ ማለትም በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም እንዲኖር ያዛል። በክራይ ቤት ያላችሁም አላርሙ ከሌለ አከራዩን የመጠየቅ መብት አላችሁ። በእኛ ቤቶች ዕጣን ሲጨስ ወይም ምጣድ ሲሰማ የጭሱ አላርም ይጮሃል፤ ከዚያ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ባትሪውን ይነቅለዋል፤ ባትሪው ሳይመለስ ወራት ያልፋሉ። እባካችሁ ዛሬ ማታ እነዚያን ባትሪዎች መልሱ። አላርሙን አውርዳችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ የተሠራበት ዓመት ተጽፎበታል። የጭሱ አላርም 10 ዓመት ሲሞላው፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱ እንደ አሠራሩ ከ7 እስከ 10 ዓመት ሲደርስ ይቀየራል። አራት ጊዜ ተከታትሎ ጮሆ ዝም፣ እንደገና አራት ጊዜ ካለ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ ጭስ ነው። አልፎ አልፎ አንድ አጭር ድምፅ ብቻ የሚያሰማ ከሆነ ባትሪው ወይም ዕድሜው ማለቁ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከሸተታችሁ ደግሞ ያ የጋዝ መፍሰስ ነው፤ መብራት ሳታበሩም ሳታጠፉም ውጡና ከውጭ ደውሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ስለ ውኃ። ውኃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቧንቧ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ በረዶው ባለበት ቦታ ሳይሆን በበረዶውና በተዘጋው መክፈቻ መካከል ነው፤ እዚያ የታፈነው ውኃ መሄጃ ሲያጣ ግፊቱ ብረቱን ይቀደዋል። ቧንቧውን ትንሽ ከፍቶ ማንጠባጠብ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ግፊቱን ያስተነፍሳል።

በመጀመሪያ የግቢውን የውኃ ጎማ ንቀሉ። ውጭው ቧንቧ በረዶ የማይዘው ዓይነት ነው ቢባልም ጎማው እንደተሰካ ከቀረ ውኃው አይወርድም፤ ግድግዳው ውስጥ ይረጋና ፀደይ ሲመጣ ቤዝመንቱን ያጥለቀልቃል። ለውጭው ቧንቧ ከውስጥ መዝጊያ ካለው ዝጉት፤ ከዚያ ውጭውን ክፈቱና የቀረው ይፍሰስ። ዋናውን የውኃ መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካውን፣ ደግሞ ፈልጉት። አብዛኛውን ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ፣ በመንገድ በኩል ባለው ግድግዳ፣ ቆጣሪው አጠገብ ነው። ዞሮ መዝጋቱን ሞክሩ፤ ለባለቤታችሁም፣ አሥራ ሁለት ዓመት ለሞላው ልጅም አሳዩ። ቧንቧ ሲፈነዳ ቪዲዮ የሚፈለግበት ጊዜ የለም። ብርዱ በጠነከረ ሌሊት፣ በ2019 ጃንዋሪ 30 ቀን ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት፣ ከዜሮ በታች 33 ሴንቲግሬድ እንደደረሰችበት ባለ ጊዜ፣ በውጭ ግድግዳ በኩል ያለውን የወጥ ቤት ቁም ሣጥን በር ክፈቱት፤ የቤቱ ሙቀት ቧንቧው ጋር ይድረስ። የረጋ ቧንቧ ካጋጠማችሁ መክፈቻውን ከፍታችሁ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት እንጂ በእሳት አትቅረቡት።

ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት ለመሄድ ትኬት የቆረጣችሁ፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። ጃንዋሪ እዚህ የዓመቱ ብርቱ ብርድ የሚሆንበት ወር ነው፤ እናንተ ጎንደር ታቦት ስታጅቡ ቤታችሁ ባዶውን ይቀመጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ዋናውን ውኃ ዝጉ፤ ከዚያ ላይኛውንም ታችኛውንም ቧንቧ ከፍታችሁ ያለውን አፍስሱ። ቤታችሁ በፍል ውኃ ራዲያተር የሚሞቅ ከሆነ ግን ማሞቂያው ውኃ እንዳያጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ። ማሞቂያውን ፈጽሞ አታጥፉት፤ ከ55 ፋራናይት፣ ከ13 ሴንቲግሬድ በታች አታውርዱት። የምታምኑት ሰው ቁልፍ ይዞ በየቀኑ ባይችል በየሁለት ቀኑ ገባ ብሎ ይይ። የቤት ኢንሹራንሳችሁንም ውል አንብቡ፤ ባዶ ቤት ውስጥ ሙቀቱን ሳይጠብቅ የቀረ ሰው የፈነዳ ቧንቧ ካሳ ሊከለከል ይችላል።

ስለ በረዶ መጥረግ ብዙ አልልም። አካፋውና ጨው በኦክቶበር ይገዛ፤ የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ቀን መደርደሪያው ባዶ ነው። በሚኒያፖሊስ የአንድና የሁለት ቤተሰብ ቤት ባለቤት በረዶው ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ የእግር መንገዱን መጥረግ አለበት። ተራው ጨው ከ15 ፋራናይት በታች ብዙም አይሠራም፤ ያን ጊዜ አሸዋ ይሻላል። ጨው ስትበትኑም እፍኝ በእፍኝ አታድርጉት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውኃ ያበላሻል፤ ቀልጦ የሚሄደውም ልጆቻችን ወደሚዋኙባቸው ሐይቆች ነው።

በመጨረሻ መብታችሁን እወቁ። በሚኒሶታ ሕግ አከራይ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ቤቱን ቢያንስ 68 ፋራናይት፣ 20 ሴንቲግሬድ የሚያደርስ ሙቀት ማቅረብ አለበት። ቤታችሁ ከዚያ በታች ከሆነ በየቀኑ ቴርሞሜትሩን በስልክ ፎቶ አንሱና ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ በቃል የተነገረን ነገር በኋላ ማስረዳት ያስቸግራል። በነዚሁ ወራት የመብራትና የጋዝ ሒሳብ መክፈል ያቃተው ሰው ማሞቂያው እንዳይቆረጥበት የሚጠብቅ ደንብ አለ። ጥበቃው ግን በራሱ አይመጣም፤ እናንተ ደውላችሁ በአቅማችሁ የምትከፍሉበትን ስምምነት ማድረግ አለባችሁ፤ ስምምነቱንም መጠበቅ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች የማሞቂያ ሒሳብ የሚከፍል የመንግሥት ድጋፍ አለ፤ ብድር አይደለም፣ አይመለስም፣ ተከራይም ያገኛል። የቤት ባለቤት ከሆናችሁ የተበላሸ ፈርነስ እስከማስጠገን ይደርሳል። ቤት የማስደፈኑንና ኢንሱሌሽን የማስጨመሩን ሥራ በነጻ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራምም አለ፤ ወረፋው ስለሚረዝም ማመልከቻው አሁን ይግባ። እርዳታ መጠየቅ የሚያሳፍራችሁ ወገኖቼ፣ ገንዘቡ እናንተም ከምትከፍሉት ግብር የወጣ ነው። ወደ 211 ደውሉና አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ፤ የት ማመልከት እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል።

የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን መኪናን ለዊንተር ስለማዘጋጀት ነው፤ ባትሪውን፣ ጎማውንና በረዶ የማይዘውን የመስታወት ውኃ እናያለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)